ራኬት የሚመረጠው በደከመ ክንድ ነው

የዛሬዋ ጽሑፍ ረዘም ትላለች፤ ቡና አቅርባችሁ ብታነቧት ይሻላል። የማወራችሁ ስለ ቴኒስ ራኬት ነው። ቴኒስ የማትጫወቱም ብትሆኑ አትለፉኝ፤ በተለይ ልጅ ያላችሁ መጨረሻው ላይ የእናንተም ጉዳይ አለበት።

መጀመሪያ ኑዛዜ። ቅዳሜና እሑድ ልጆችን ቴኒስ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ አንዲት አባባል ነበረችኝ። ያስተማርኳችሁ በሙሉ ታውቋታላችሁ፦ «ራኬት አይጫወትም፤ እጅ ነው የሚጫወተው!» ራኬቱ አልመች ያለው ልጅ ወደ እኔ ሲመጣ ይህችን እነግረውና ወደ ሜዳው እመልሰዋለሁ። ክርክር የለም። ዛሬ ከዚህች አባባል ግማሿን ልመልስ ነው የመጣሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኔ ራኬት 14 ዓመት አብራኝ ኖራለች። ክሯ ተወጥሮ 350 ግራም ትመዝናለች፤ ፊቷ 90 ስኩዌር ኢንች ብቻ ነው። ስገዛት ስለ እሷ የማውቀው አንድ ነገር ነበር፤ ሮጀር ፌደረር ዘጠና በሆነች ራኬት እንደሚጫወት። በቃ! አልሞከርኳት፣ አልመዘንኳት። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሲገኝ ፎቶዋን ልኬ አስመጣኋት። አብዛኞቻችን ራኬት የምንገዛው እንዲሁ አይደል? በፎቶና በሰው ስም።

ባለፈው ዓመት ክርኔን ያመኝ ጀመር። መጀመሪያ ባክሃንድ ስመታ ብቻ ነበር። ቀጥሎ የበር እጀታ ሳዞር። በመጨረሻ ጀበና ማንሳት ሲያቅተኝ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፤ «ቴኒስ ኤልቦ» አለኝ፣ እንዳረፍ አዘዘኝ። ለወራት አረፍኩ፣ ተሻለኝ፣ ተመለስኩ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሕመሙም አብሮኝ ተመለሰ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው ዳር ተቀምጬ ክርኔን በበረዶ ስይዝ አንዲት የድሮ ተማሪዬ መጣች። ዛሬ የልጆች እናት ነች። ራኬቷን ዘረጋችልኝና «ቲቸር፣ እስቲ በዚህ ይሞክሩ» አለችኝ። ሞከርኩ። ኳሷ ከራኬቱ መሃል ስትነሳ የሚሰማው ድምፅ… ለካ ረስቼው ነበር!

ከዚያ እየሳቀች «ቲቸር፣ ያኔ ‹ራኬቱ ከበደኝ› ስልዎት ምን እንዳሉኝ ያስታውሳሉ?» አለችኝ።

አላስታውስም። እሷ ግን ታስታውሳለች። 11 ዓመቷ ነበር። «ራኬቱ አልከበደም፤ እጅሽ ነው የሰነፈው» ብያታለሁ። በዚያው ዓመት ቴኒስ አቆመች። የተመለሰችው ትልቅ ሰው ሆና፣ በራሷ ገንዘብ፣ ለእጇ የሚስማማ ራኬት ገዝታ ነው። ሳቋ ቂም የለበትም ነበር። እኔ ግን ያን ሌሊት በደንብ አልተኛሁም።

እንግዲህ የዛሬው አቋሜ ይኸውላችሁ፦ እጅ ነው የሚጫወተው፤ እውነት ነው። ግን እጅ የሚጫወተው በተሸከመው ልክ ነው። ራኬት ደግሞ መመረጥ ያለበት ክንዳችሁ ገና ትኩስ ሳለ ሳይሆን ሲደክም ነው።

የሰው ወርቅ አያደምቅ

ፌደረርን ካነሳሁ አይቀር ልጨርሰው። እኔ የሙጥኝ ያልኳትን ዘጠናዋን እሱ ራሱ ትቷታል። 17 ግራንድ ስላም ያሸነፈባት ናት። እ.ኤ.አ. በ2013 ጀርባውን እያመመው ውጤቱ ሲወርድ ፊቷ ሰፋ ያለ ራኬት ሞከረ፤ አልተመቸውም መሰለኝ ለጊዜው ወደ አሮጌዋ ተመለሰ። በ2014 ግን ወደ 97 ስኩዌር ኢንች ተሻገረ። በእሷም በ2017 የአውስትራሊያን ኦፕንና ዊምብልደንን፣ በ2018 ደግሞ በ36 ዓመቱ እንደገና የአውስትራሊያን ኦፕንን አሸነፈ። ጌታው ቀይሮ እኔ ተከታዩ አልቀይርም አልኩ! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለው ይኼ ነው።

ተቃራኒው ታሪክ የቢዮርን ቦርግ ነው። አምስት ጊዜ ዊምብልደንን፣ ስድስት ጊዜ ሮላን ጋሮስን ያሸነፈው ሰው ከዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1991 ሞንቴ ካርሎ ላይ ሲመለስ ሌላው ሁሉ በግራፋይት ይጫወት ነበር፤ እሱ ግን የእንጨት ራኬቱን ይዞ ወጣ። በመጀመሪያው ዙር በስፔናዊው ጆርዲ አሬሴ ተሸነፈ። የቦርግ እጅ አልተለወጠም ማለት አልችልም። ግን ራኬት ምንም ለውጥ የማያመጣ ቢሆን ኖሮ የእንጨቱ ዘመን ባላለፈ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ቴሌቪዥን ላይ የምናያቸው ተጫዋቾች ራኬት ሱቅ ውስጥ ካለው ብዙ ጊዜ ይለያል። ለእነሱ እጅ ተብሎ የእርሳስ ቴፕ እየተለጠፈ ክብደቱና ሚዛኑ ይስተካከላል። ቀለሙ ያው ነው፤ ውስጡ ሌላ ነው። እኛ የምንገዛው ቀለሙን ነው።

ክብደት ማለት ሚዛን ላይ የሚታየው ብቻ አይደለም

መዶሻ አንሱ። በእንጨቱ ይዛችሁ ወዝውዙት። ከዚያ ገልብጡትና በብረቱ በኩል ይዛችሁ ወዝውዙት። ሚዛን ላይ ብታስቀምጡት ያው መዶሻ ነው፤ እጃችሁ ግን ያው ነው አይልም። ራኬትም እንደዚሁ ነው። ሁለት ራኬቶች እኩል 300 ግራም ሆነው የአንዱ ክብደት ወደ እጀታው፣ የሌላው ወደ ጭንቅላቱ ካደላ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው።

ቤት ውስጥ መለካት ትችላላችሁ። መደበኛ የአዋቂ ራኬት 68.5 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ስለዚህ መሃሉ 34 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ራኬቱን በአንድ ጣት ላይ አጋድማችሁ ሳይወድቅ የሚቆምበትን ቦታ ፈልጉ። ከዚያ ቦታ እስከ እጀታው ጫፍ ለኩ። 34 ካልሞላ ክብደቱ ወደ እጃችሁ ያደላል፤ ካለፈ ወደ ጭንቅላቱ። በዚህች በጣት ልኬት ብቻ ብዙ ነገር ይገባችኋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልናገር፤ እኔም ተሳስቼበታለሁ። «ክንድህን ካመመህ ቀላል ራኬት ግዛ» ይባላል። ሁልጊዜ እውነት አይደለም። በጣም ቀላልና ግትር ራኬት ፈጣን ኳስ ሲመታው ወደ ኋላ ይገፋል፤ ንዝረቱን የሚውጠው ክብደት ስለሌለ ክርናችሁ ይውጠዋል። በጣም ከባዱ ደግሞ እንድትዘገዩ ያደርጋችኋል፤ የዘገየ እጅ ኳሱን ከሰውነቱ ኋላ ይመታል፣ ያኔም የሚከፍለው ያው ክርን ነው። ስለዚህ የምፈልገው ቀላሉንም ከባዱንም አይደለም። ሁለተኛው ሰዓት መጨረሻ ላይም ሳልዘገይ ልወዘውዘው ከምችለው ራኬት ውስጥ ከበድ ያለውን ነው።

አዲስ አበባ ሞንቴ ካርሎ አይደለችም

ይኼኛው ክፍል ሀገር ቤት ለምትጫወቱት ነው። አብዛኛው ቪዲዮ ላይ የምንሰማው ምክር የባሕር ጠረፍ ሰው ምክር ነው። «ፊቱ ሰፊ የሆነ ራኬት ያዝ፣ በቀላሉ ኃይል ይሰጥሃል» ይላሉ። እኛ ግን ያለነው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብለን ነው። አየሩ የሳሳ ስለሆነ ኳሷን የሚይዛት ይቀንሳል፤ ትፈጥናለች፣ ትረዝማለች። ስፒን ብትሰጧትም ቆላ እንደምትወድቀው ቶሎ አትወድቅም። የቴኒስ ሕግ ከ1,219 ሜትር በላይ ለሚደረጉ ውድድሮች የከፍታ ኳስ እንዲውል ለብቻው የፈቀደው በዚሁ ምክንያት ነው። እኛ የዚያ እጥፍ ሊሞላን ምንም አልቀረንም! ኃይል በነጻ በሚሰጥ ሀገር ላይ ኃይል የሚጨምር ራኬት በውድ ዋጋ ማስመጣት ምን ይባላል?

እና ምን እናደርጋለን? ኳሷ ከሜዳ እየወጣች ስታስቸግረን ክሩን እናጠብቃለን። ያውም ፖሊስተሩን። ፖሊስተር ግትር ክር ነው፤ ውጥረቱን ቶሎ ይጥላል፣ ግን ቶሎ አይበጠስም። «ካልተበጠሰ ምን አለበት» እያልን አንድ ዓመት እንጫወትበታለን። ኳሷን መቆጣጠሩ ቀርቶ ክርን መደብደቡ ብቻ ይቀራል። የእኔ ክርን በዚህ መንገድ ነው የሄደው።

እኔ የደረስኩበት ይህ ነው፦ ለከፍታ ቦታ ቁጥጥሩን ከራኬቱ እንጂ ከክሩ ግትርነት አትፈልጉ። ክሮቹ ጠበብ ብለው የተሠሩ፣ ማለትም 18 በ20 የሆነ ራኬት፣ 16 በ19 ከሆነው ይልቅ ኳሷን ዝቅ አድርጎ ይልካታል። እሱ ላይ ለስላሳ ክር ይወጠር። ክንዳችሁ ጤነኛ የሆነና ወጣት የሆናችሁ ፖሊስተር ብትጠቀሙ አልቃወምም። ብቻ ከመበጠሱ በፊት ቀይሩት።

ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ

ሙሽራዋ ልክ ነች። ራኬትም ሳይሞክሩ አይታመንም። ግን አሞካከራችንም ችግር አለበት። የወዳጃችንን ራኬት ተቀብለን አሥር ኳስ በፎርሃንድ መትተን «ኧረ ይኼ ግሩም ነው!» እንላለን። አሥር ደቂቃ ውስጥ ሁሉም አዲስ ነገር ግሩም ነው። ክንድ ትኩስ ነው፣ ኳሱ በፍቅር የሚላክ ነው፣ ማንም አያስሮጣችሁም። ትኩስ ክንድ ይዋሻል። እውነቱን የሚናገረው የደከመው ነው።

ስለዚህ ሦስት ሳምንት ወስጄ አራት ራኬቶችን ተውሼ እንዲህ አድርጌ ሞከርኩ።

አንደኛ፣ ስማቸውንና ቀለማቸውን በፕላስተር ሸፈንኩ። ይህን ያደረገልኝ የክለብ ጓደኛዬ ነው፤ የትኛው የማን እንደሆነ እንዳላውቅ። ስም ክንድን ያታልላል።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዱን ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጫወትኩበት። ፎርሃንድ ብቻ አይደለም፤ ሰርቭ፣ መልስ፣ ቮሊ፣ እየሮጡ የሚመለስ ኳስ፣ ሁሉንም።

ሦስተኛ፣ በሁለተኛው ሰዓት መጨረሻ ላይ ሃያ ኳስ እንዲላክልኝ አድርጌ ስንቱ ሜዳ ውስጥ እንደገባ ቆጠርኩ። መጀመሪያ ላይ አልቆጠርኩም። ሆን ብዬ ነው።

አራተኛ፣ በማግስቱ ጠዋት ጀበና አነሳሁ። ሃሃ! እውነቴን ነው። ከሁሉም የበለጠ ፈተና እሱ ነበር።

አምስተኛ፣ እጀታውን ለካሁ። ራኬቱን እንደተለመደው ጨብጡና በጣቶቻችሁ ጫፍና በመዳፋችሁ መካከል የሌላኛው እጃችሁ ሌባ ጣት ልክ ይግባ። ካልገባ እጀታው ቀጥኗል፤ ብዙ ክፍተት ካለ ወፍሯል። ከተጠራጠራችሁ ቀጠን ያለውን ውሰዱ። ቀጭን እጀታ ላይ ግሪፕ ጨምሮ ማወፈር ቀላል ነው፤ ወፍራሙን ማቅጠን ግን አይቻልም ማለት ይቻላል።

ውጤቱ አስቆኛል። መጀመሪያ ልቤን የሰረቀኝ 265 ግራሙ ሰፊ ፊት ነበር። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት እንደ ወጣት ተጫወትኩ። መጨረሻ ላይ ከሃያው ዘጠኙ ብቻ ገባ፣ ጀበናዋም በማግስቱ አለቀሰችብኝ። አሮጌዋን ራኬቴንም ለፍትሕ ብዬ አብሬ ፈትኛት ነበር፤ እሷም ከሃያ ስምንት። የመረጥኩት መጀመሪያ ላይ ምንም ስሜት ያልሰጠኝን ነው። ያለ ክር 300 ግራም፣ ፊቱ 98፣ 18 በ20፣ ክብደቱ ወደ እጅ ያደላ። በመጨረሻ ከሃያው አሥራ ስድስት ገባ። በማግስቱ ቡና ራሴ ቀዳሁ።

ፕላስተሩ ሲነሳ የራኬቱን ስም አየሁት። አልነግራችሁም! ብነግራችሁ ነገ ፎቶውን ለዘመድ ትልካላችሁ፤ እኔም 14 ዓመት የሠራሁትን ስሕተት አስተማርኳችሁ ማለት ነው።

«ያድግበታል»

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሲሰፋ «ሰፋ አድርገው፣ ያድግበታል» እንላለን። ጫማም እንዲሁ። ችግር ያስተማረን ብልሃት ነው፤ አልነቅፈውም። ራኬት ላይ ግን አይሠራም። ሰፊ ሱሪ በቀበቶ ይታሰራል። ከባድ ራኬት የያዘ ልጅ ግን ክብደቱን ለመሸከም ሲል አመታቱን ያጣምማል፤ ክርኑን ያነሳል፣ አንጓውን ይሰብራል፣ ወገቡን ይጥላል። ወደ ራኬቱ ሲያድግ አመታቱ አብሮት አድጎ ይደርቃል። ከዚያ እኛ አሠልጣኞች ዓመታት ፈጅተን እናቃናዋለን። ካልተሰላቸ ነው እንጂ!

ለልጆች የሚሆን ራኬት 21፣ 23፣ 25 እና 26 ኢንች እየተባለ ይሠራል፤ የአዋቂው 27 ነው። እንደ ቁመታቸው ነው የሚሰጣቸው። ኳሱም እንደዚሁ፦ ቀይ፣ ብርቱካናማና አረንጓዴ ምልክት ያላቸው ቀስ የሚሉ ኳሶች አሉ። የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ከ2012 ጀምሮ 10 ዓመትና ከዚያ በታች ላሉ ልጆች ውድድር በእነዚህ ኳሶች እንዲሆን ደንግጓል። የልጁን አቅም ማየት ሕፃኑን ማቀማጠል አይደለም ማለት ነው።

አውቃለሁ፣ አንዳንዶቻችሁ «አንተ ሰውዬ፣ ምንም ራኬት የሌለው ልጅ ሞልቶ ስለ ግራም ታወራለህ?» ትላላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔም ያኔ ለዚያች ልጅ የሰጠኋት ሌላ ስላልነበረኝ ነው። ከባድ ራኬት ከባዶ እጅ ይሻላል፤ እስማማለሁ። ግን ሁለት ነገር ማድረግ እችል ነበር። አንደኛ፣ እጀታውን ከፍ አድርጋ እንድትይዝ ማሳየት፤ ሦስት አራት ጣት ከፍ ሲል ራኬቱ እጅ ላይ ወዲያው ይቀልላል። ሁለተኛው ምንም ወጪ የለውም፦ «ልክ ነሽ፣ ይከብዳል፤ ሌላ እስክናገኝ በዚህ እንሞክር» ማለት። ዕቃ ማጣቴ ጥፋቴ አይደለም። የዕቃውን ጉድለት የልጅቷ ጉድለት ማድረጌ ግን ጥፋቴ ነው።

ደግሞም ዕቃ በሌለበት ነው ምርጫ የበለጠ የሚያስፈልገው። ሱቅ ሞልቶ በተረፈበት አገር የተሳሳተ ሰው በወሩ ይቀይራል። የእኛ ስሕተት ግን አሥር ዓመት አብሮን ይኖራል።

ስለዚህ አንድ ነገር ጀምረናል። እኔና ሦስት ጓደኞቼ ትርፍ ራኬቶቻችንን አንድ ቦርሳ ውስጥ ከተናል። «የመሞከሪያ ቦርሳ» ብለነዋል። እያንዳንዱ ላይ በፕላስተር ክብደቱ፣ የእጀታው መጠንና ክሩ የተወጠረበት ቀን ተጽፏል። አዲስ ራኬት ሊያስመጣ ያሰበ ሰው መጀመሪያ ከቦርሳው አንዱን ይወስድና ሁለት ሰዓት ይጫወትበታል። ክንዱ ይደክማል። ከዚያ ይወስናል። በየክለቡ እንዲህ ያለ ቦርሳ ቢኖር ስንት ገንዘብና ስንት ክርን ይተርፍ ነበር!

ውጭ ያላችሁ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ለአንድ ሰው አንድ ውድ አዲስ ራኬት ከምትልኩ፣ ቤታችሁ ጥግ የቆሙትን ያገለገሉ ራኬቶች ስትመጡ ሻንጣችሁ ውስጥ ጣል አድርጉልን። ልጆቻችሁ ያደጉባቸውን የ23 እና የ25 ኢንቹን በተለይ። እነሱ እዚህ ወርቅ ናቸው።

አባባሌን ስለማስተካከል ቃል ገብቼ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ ነች፦ «እጅ ነው የሚጫወተው፤ ስለዚህ እጁን ጠይቀው።»

ከእኔ ጋር የተማራችሁና «ከበደኝ» ብላችሁኝ ያልሰማኋችሁ ሁሉ ይቅርታ አድርጉልኝ። ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው ዳር አለሁ፣ ቦርሳውም አለ። ኑና ሞክሩ።

አንድ ጥያቄ ትቼላችሁ ልሂድ፦ የአሁኑን ራኬታችሁን እንዴት መረጣችሁት? እውነቱን ጻፉልኝ፤ በቀለሙ የመረጣችሁም ብትሆኑ አልስቅም። መልካም ሰንበት!